ዘርሁን ከመንገድ ያዘዘው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 2008

ሱሉልታ ያለችው ሯጭ አምስት ጥንድ ጫማ ደረሳት። ያዘዘችው አንድ። አምስቱም ቁጥር 38፣ አምስቱም ሰማያዊ። ሾፌሩም ሳይጠይቅ ዘርግፎላት መጣ። ደወለች። «እህቴ፣ ስንት እግር ያለኝ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቁም። ሱቁ የሳቸው፣ ጫማው የሳቸው፣ ምን ያስቃቸዋል?

«እኔ ሰበታ ላይ ይሄን ሁሉ ዘመን ጫማ ስሸጥ አንድ ሰው አምስት ጥንድ ይዞብኝ ሄዶ አያውቅም» አሉ። «ይሄ ድረ ገጽ ካልተስተካከለ እዘጋዋለሁ። ድሮም በሱቄ እኖር ነበር።» 

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅቷ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች፣ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ምንም አይመጣም። ደግማ ትጫናለች። አሁንም ደግማ። ኔትወርኩ ሲመለስ አምስቱም ተግተልትለው ይገባሉ። ይሄ እንኳ ይሻላል። ሌላ ጊዜ ጭራሽ አንዱም አይገባም። ሰውየው አዝዣለሁ ብሎ ይጠብቃል፣ እኛ ዘንድ ወሬውም የለም። የት ነው የሚቀልጠው?

ዘርሁን ደስ ብሎታል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለታችን ብቻ ነን ኮድ የምንጽፈው፤ እኔ ስናደድ እሱ ዓይኑ ይበራል። የሚገርም ፍጥረት! ብራውዘሩ ውስጥ ያለችውን አዲስ መመርመሪያ ከፍቶ አሳየኝ። የገጹ ሆድ ዕቃ ሁሉ ይታያል... ምን ተላከ፣ ምን ቀረ፣ የቱ ጋ ተሰበረ። ከፈለግሽም ኔትወርኩን ለሙከራ ያህል ታጠፊዋለሽ። «በራሱ የሚጠፋው አነሰና ደግሞ እኛ እናጥፋው?» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ከዘርሁን ጋር ተጣላሁ።

የገዛነው ፕሮግራም «ከተማ ይምረጡ» ሲል የሚያውቀው አዲስ አበባን ብቻ ነው። ሰበታን አያውቅ፣ ቡራዩን አያውቅ፣ ሱሉልታን አያውቅ። እኔ ምን አደረግኩ? ሦስቱንም እንደ ክፍለ ከተማ አዲስ አበባ ሥር ወሸቅኳቸው። የማድረሻ ዋጋው ስሌት ሠራ። እፎይ ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ዘርሁን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ሳቀ። «ወይ ጉድ! አዲስ አበባን ወደኛ ሊያሰፋ የታሰበውን ማስተር ፕላን ጣቢታ በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው!» እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«አውጪያቸው።»

«ኮድ እኮ ነው ዘሬ። ማን ያየዋል?»

«በአባቴ ማሳ ላይ የቆመው ችካልም ቢሮ ውስጥ ሲጻፍ ማንም አላየውም።»

«እና እኔ ነኝ ችካል የተከልኩት?» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከሱቅ ብቅ ብለው አዩንና ተመለሱ። እኔ ምን በወጣኝ? እናቴ ከከምባታ መጥታ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ እየቆመች አሳደገችኝ፤ የማንን መሬት ነካን? ሥራ እንዲያልቅ ብዬ እንጂ...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። ሙሉ ቀን በኪቦርድ ድምፅ ብቻ ተደባደብን።

እሑድ፣ ኅዳር 19

ከቸርች ስወጣ ዘርሁን በሩ ላይ ቆሟል። የኩርፊያ ፊት አይደለም። «ነይ፣ አባባን ላስተዋውቅሽ» አለ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አላየሁም መሰልኩ።

ቡራዩ። አባቱ ኦቦ ኩምሳ አጥራቸው ሥር ቆመው ጠበቁን። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ አነጋገሬ አሳቃቸው። ማሳውን ዞርን። ጤፉ ሊታጨድ ደርሷል። መሐሉ ላይ ቀይ የተቀባ ችካል። ወዲያ ደግሞ ሌላ። ለምን አልነቀሏቸውም? ዙሪያቸውን ዘርተውባቸዋል። «እንግዳ ነው። ካልሄደ ምን አደርገዋለሁ?» አሉ።

ወንዙ ዳር ረግረጉን ስናቋርጥ ግራ ቦቲያቸው ውስጥ ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ዘርሁን «አዲስ ላምጣ ስላቸው እምቢ ነው የሚሉት» አለኝ። ኦቦ ኩምሳ ዞር አሉ።

«በስልክ ጫማ ትሸጣላችሁ አሉ?»

«አዎ አባባ።»

«ስልኩ እግሬን የት አይቶት ነው የሚለካልኝ?»

ዘርሁን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀብኝ።

ነገ ሦስቱን ከተሞች አወጣቸዋለሁ። ሰበታ ለብቻዋ፣ ቡራዩ ለብቻዋ፣ ሱሉልታ ለብቻዋ። ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ይፍረስ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ ተዘግቷል። ድንጋይ፣ የሚቃጠል ጎማ፣ ሩጫ። ተኩስም ሰምተናል። እናቴ ከፋብሪካ በእግሯ መጣች፣ አንድ ጫማዋን ጥላ። ዘርሁን ሥራ አልገባም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ስደውል ዋልኩ... ሲመሽ መልእክት ላከ። «አለሁ።» አንዲት ቃል። ደጋግሜ አነበብኳት። ምን ነካኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 5

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከሱቅ ሮጠው መጡ። «ተመስገን! በሉ አሁን ሥራችንን እንሥራ!» ዘርሁን ለአባቱ ደውሎ ነገራቸው። ኦቦ ኩምሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«ችካሉንስ ማን ይነቅለዋል? ነው የሚሉት።»

በተቃውሞው የሞቱት ልጆችስ? ይሄን ማንም አልጠየቀም። ወደ ሥራችን ተመለስን። እንዲህም ይቻላል ለካ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ዘርሁን አዲስ ነገር አገኘ! ገጹ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ብራውዘሩ ውስጥ የሚቀር ትንሽ ኮድ። ትዕዛዙን ስልኩ ላይ ይዞ ቁጭ ይላል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይልካል፤ አንዴ ከላከ አይደግምም። የእንግሊዝኛ ስሙ አፍ አይሞላም፣ እኛ «ዘበኛው» አልነው። «ጣቢ፣ ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ይተኛል፣ ዘበኛው ግን የያዘውን አይለቅም!» ይላል። መመርመሪያዋ ላይ ኔትወርኩን አጠፋን፣ አዘዝን፣ መልሰን አበራን። ገባ! አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ጊዜ! ከደስታው ብዛት አቀፈኝ። ከዚያ ሁለታችንም ወለሉን ማየት ጀመርን።

ዓርብ፣ መጋቢት 16

ኤዲያ! ዘርሁን ሱሉልታ ሄዶ ሞከረው፣ አልሠራም።

መመርመሪያዋ የምታውቀው ኔትወርክ ወይ አለ ወይ የለም ነው። የኛ ኔትወርክ ሌላ ነው። ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አያሳልፍም። ዘበኛው ምልክቱን አይቶ ይልካል፣ ትዕዛዙ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል፣ እሱ «አድርሻለሁ» ብሎ እጁን ያራግፋል። «ኔትወርክ ይዋሻል ብሎ የማያውቅ ሰው የሠራው ዘበኛ ነው» አለ ዘርሁን። ምሳ አልበላ አለ። ሰው በኮድ ይህን ያህል ይከፋዋል?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4

ቅዳሜና እሑድ ኢንተርኔት ጭራሽ አልነበረም። በየቦታው ሰልፍ ወጥቷል፣ ሰው ሞቷል። ስንት? ሁሉም የየራሱን ይናገራል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሦስት ትዕዛዝ ጠፋብን። አንዷ ደንበኛ ለልጇ ልደት ነበር ያዘዘችው፤ ስታለቅስ ሰማኋት። ጋሽ ወንዳፍራሽ መጥተው ተቀመጡ። ሲቆጡ ይሻላል፣ ሲቀመጡ ነው የምፈራቸው። «ልጆቼ፣ እናንተን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ሰው እየዋሸሁ መኖር አልችልም።» ዘርሁን «እስከ መስቀል ይታገሡን ጋሼ» አላቸው። እሺ አሉ።

ዘበኛውን እንደ አዲስ እየጻፈው ነው። ከኛ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካልሰማ ትዕዛዙን አይጥልም። ቀን ቢፈጅ፣ ወር ቢፈጅ። «እንደ አባባ ግትር ነው የማደርገው» ይላል። እኔ ምሳ እያመጣሁለት ነው። ለምን? ጌታ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ እንጂ፣ ለማን እዋሻለሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 19 ቀን 2009

ዘበኛው አለቀ። መመርመሪያዋ ላይ ሠራ። ግን አላመንኳትም፤ አንዴ አታልላናለች። ለደንበኛ አንከፍትም ተባባልን፣ መጀመሪያ በዘርሁን ስልክ ላይ ብቻ ይቆይ። «እውነተኛ መጥፋት ነው የሚያስፈልገን» አለ። አፉን በቆረጠው!

ሰኞ፣ መስከረም 23

ትናንት ለእሬቻ በዓል ከወረዱት የዘርሁን ሰፈር ልጆች በተነሣው ግርግር ያልተመለሱ አሉ። ቢሮ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩን አልከፈተም። ምን ልበለው? ዳቦ ቆርሼ ፊቱ አስቀመጥኩ። አልነካውም።

ረቡዕ፣ መስከረም 25

ሰበታ እየተቃጠለች ነው። ጭሱ ከሱቁ በር ላይ ይታያል። ጋሽ ወንዳፍራሽ በሩን እየቆለፉ «ሂዱ፣ ሂዱ ወደየቤታችሁ!» አሉን። መኪና የለም። ዘርሁን «አባባና ቦሰና ብቻቸውን ናቸው» ብሎ በእግሩ ተነሣ። ቦሰና ታናሽ እህቱ ናት። እኛ ቤት እደር አልኩት። ለመንኩት። «እናትሽ ምን ትለኛለች?» ብሎ ሳቀ። በዚህ ቀን!

ከሰዓት ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል።

«ጣቢ፣ የስልክ ኢንተርኔት ጥርግ ብሎ ጠፍቷል! ከዚህ የተሻለ ሙከራ ከየት ይመጣል? አሁን ከመንገድ አዘዝኩ።»

«አብደሃል እንዴ? የት ደረስክ?»

«ደርሻለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ምንድን ነው ያዘዝከው?»

«አልነግርሽም። ከነገርኩሽ ምኑን ሙከራ ሆነ? ሲመጣ ታይዋለሽ።»

ተቋረጠ። ናደደኝ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ እሱ ጫማ ያዛል። ደግሞ ሳቅ ሳቅ አለኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ አይጠራም።

ዓርብ፣ መስከረም 27

ዘርሁን ሞቷል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 1

መንገዱ እስኪከፈት ቀብሩ አለፈኝ። ዛሬ ለቅሶ ደረስኩ። ጥይት ነው አሉ። ከየት? ማንም ከየት እንደሆነ አይናገርም። ቤቱ ሊደርስ አንድ መታጠፊያ ሲቀረው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው።

ኦቦ ኩምሳ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እጄን ያዙ፣ አልለቀቁኝም።

«ኢንተላ ኮ፣ አብራችሁ ነበራችሁ። እጁ ላይ ድንጋይ አልያዘም አይደል?»

«አልያዘም አባባ። ስልክ ነበር የያዘው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በቋንቋቸው ልጄ ይሉኛል እኮ።

ቦሰና ስልኩን አሳየችኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው አልቋል። «አልከፍተውም። ሰው አሁንም ይደውልለት ይሆናል፣ ምን ብዬ ነው የማነሣው?» አለች። በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ያዘዘው ነገር እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አልነገርኳትም። በለቅሶ ቤት ስለ ኮድ ይወራል?

ወድጄው ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት። አሁን ለማን ይጠቅማል?

እሑድ፣ ጥቅምት 20

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። እናቴ የምትሠራበት ፋብሪካ ነዷል፤ ቤት ውላ ግድግዳ ታያለች። ቸርች «አመስግኑ» ሲባል ከንፈሬ አልላቀቅ አለኝ። ጌታ ሆይ፣ አትቀየመኝ... ወይም ተቀየመኝ፣ እኔም ተቀይሜሃለሁ።

ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም። ጋሽ ወንዳፍራሽ እንኳ ቆመው ነው የሚያናግሩኝ። ጠዋት ጠዋት የትዕዛዞቹን ገጽ እከፍታለሁ። ምን እንደምጠብቅ ለማንም አልናገርም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

ጋሽ ወንዳፍራሽ ወሰኑ። ወሩ ሲያልቅ ድረ ገጹ ይዘጋል። «የስልክ ኢንተርኔት የለ፣ ማን ያዛል ልጄ? አንቺ ሱቅ ውስጥ ትረጃኛለሽ።» እሺ አልኩ። አልተከራከርኩም። ዘርሁን ቢኖር ይከራከራቸው ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

የስልክ ኢንተርኔት ተለቀቀ! ታክሲ ውስጥ ሁሉም ሰው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል፣ ረዳቱ ሂሳብ መቀበል ረስቷል። እየሮጥኩ ቢሮ ገባሁ፣ ትዕዛዞቹን ከፈትኩ። ምንም።

ምን ጠብቄ ነበር? ስልኩ ጠፍቶ ሣጥን ውስጥ ነው። ለቦሰና ልደውልላት? በየትኛው ዓይኔ። ደግሞስ ዘበኛው ባይሠራስ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ደክሞበት፣ ምሳውን ትቶ፣ ከመንገድ ላይ እንኳ ሞክሮት... ባይሠራስ? እንዲህ ከሆነ ሳላውቅ ብቀር ይሻለኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 24

አንድ ትዕዛዝ ገብቷል።

ቦቲ፣ ጥቁር፣ ቁጥር 43። የገባው ዛሬ ጠዋት። የታዘዘው መስከረም 25። መጀመሪያ ያሰብኩትን ልጻፍ? ባግ ነው፣ ኮዱ ተሳስቷል አልኩ። ቀኑ ተዛብቷል ብዬ መመርመሪያዋን ከፍቼ ስህተት ፍለጋ ገባሁ። የሥራ አመል አይለቅም። ስሙን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስም፦ ዘርሁን ኩምሳ። ከተማ፦ ቡራዩ። አድራሻ፦ ኦቦ ኩምሳ ቤት፣ ችካሉ ካለበት ማሳ ፊት ለፊት። ማሳሰቢያ በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ፦ «ለአባባ። ስልኩ እግራቸውን ባያይ እኔ አይቼዋለሁ። ጣቢ፣ ይሄን ካነበብሽ ሠርቷል ማለት ነው።»

ሠርቷል። ዘሬ፣ ሠርቷል! ሳይጠፋ፣ ሳይደገም። ለማን ልንገር? ለማን ነው የሚነገረው አሁን? ጮህኩ መሰለኝ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሮጠው መጡ። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡት። ያን ወንበር ስበው ተቀመጡበት።

ለቦሰና ደወልኩ። ፎቶውን አውጥታ ልታሳጥብ ነው ስልኩን የከፈተችው። «ምነው ጣቢታ? የነካካሁት ነገር አለ? አበላሸሁ?» አለች።

«አላበላሸሽም። አላበላሸሽም የኔ እናት» አልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 26

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቦቲውን ራሳቸው ከመደርደሪያ አወረዱ፣ አቧራውን ራሳቸው ጠረጉ፣ ራሳቸው አሸጉ። ሾፌሩ ሊወስደው ሲል እኔ አደርሰዋለሁ አልኩ።

ኦቦ ኩምሳ ማሳው ውስጥ ነበሩ። ከስተዋል። ጤፉ ታጭዷል፣ ችካሉ ግን እንደቆመ ነው። ያ አሮጌ ቦቲ አሁንም እግራቸው ላይ አለ። ካርቶኑን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ማን ላከው?»

«ዘርሁን።»

አዩኝ። ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል።

«መቼ?»

«ያን ዕለት አባባ። ወደርስዎ ሲመጣ። ኢንተርኔት ስለተዘጋ እስካሁን ስልኩ ውስጥ ቆይቶ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ አሮጌውን አወለቁ፣ እግራቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ግራውን አገቡ። ቀኙን አገቡ። ተነሥተው ቆሙ። ልካቸው ነው። ቁጥሩን ማን ነገረው? ጠይቋቸውም አያውቅም አሉ።

ወደ ረግረጉ ሄዱ፣ ገቡበት፣ ቆዩ። ውኃ አያስገባም። ተመልሰው ሲመጡ ወደ እኔ አላዩም፣ እግራቸውን ነው የሚያዩት።

«ኢንተላ ኮ... ሌላስ? ሌላ የላከው ነገር መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆን?»

የለም ማለት አቃተኝ። አለ ማለትም። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። በለቅሶው ቀን እንኳ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር።

ከሰዓት ቢሮ ተመለስኩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ስለ መዝጋት አላነሡም። እኔም ሳልጠይቃቸው ዘበኛውን ለሁሉም ደንበኛ ከፈትኩት፤ ለሰበታ፣ ለቡራዩ፣ ለሱሉልታ። ከዚያ የዘርሁንን ትዕዛዝ አወጣሁ። ረዥም ጊዜ አየሁት። «ደርሷል» የሚለውን ተጫንኩ።

አንዴ ብቻ።